መስኮቱ የነበረበት

ወረቀቱ አሮጌ ነው፣ ከወደቡ ያገኘሁት፣
ናፍጣ የነካው ጠርዙን፣ አራት ቦታ ያጠፍኩት።
መርከባችን ታማለች፤ ሞተሯ ተፈትቷል፤
ካፒቴኑም ለወጥ ቤቱ የአንድ ቀን ፈቃድ ሰጥቷል።
«ሂድ» አለኝ፣ «ደሴቱን እይ፤ ሽንኩርቱ ይጠብቅሃል።»

ማልታ በመርከብ ካርታ ላይ የዝንብ ኩስ ታህላለች፤
ወረቀቱን ካመኑት ግን ብዙ ድንቅ ይዛለች።
ሰማያዊው ዋሻ አንድ፣ ዲንግሊ ገደሉ ሁለት፣
ሦስት፣ ቀዩ አሸዋ ነው፣ ራምላ የሚሉት።
አራተኛው ላይ ቀለሙ ደምቋል፣ ሙሉ ገጽ ተሰጥቶታል፤
ባሕር ውስጥ እግሩን የተከለ የድንጋይ መስኮት ይታያል፣
«ታይቶ የማይጠገብ» ይላል።

በጀልባ ተሻገርኩ ጎዞ፣ በአውቶቡስ ሳን ላውሬንስ፤
ቁልቋል ያጠረው መንገድ፣ ቢጫ ድንጋይ፣ ደረቅ ንፋስ።
መጨረሻው ፌርማታ ላይ ከሰው ሁሉ ወረድኩ ኋላ፤
ድዌይራ ትባላለች፣ ዛፍ የላትም፣ የላት ጥላ።

ባሕሩን አየሁ።
ገደሉን አየሁ።
መስኮት የለም።
ወረቀቱን ገለበጥኩ፣ ዞርኩ፣ ደግሜ አየሁ፤
የለም።

አንዲት ጨው የምትሸጥ ሴት በትንንሽ የጨርቅ ከረጢት
ሳቋ አመለጣት ወረቀቴን ስታይ በድንገት።
«ወድቋል እኮ! ስንት ዓመቱ! አንድ የማዕበል ጠዋት።
ዊስቲን ዘንድ ሂድ፣ ጀልባ አለው፤ ገንዘብህን ከፍለሃል፣
የሌለውንም ቢሆን እሱ አሳምሮ ያሳይሃል።»

ዊስቲን ሰባ ይሆነዋል፤ ጥርሱ ጥቂት፣ ክንዱ ብርቱ፤
ጀልባው ቢጫና ሰማያዊ፣ ሁለት ዓይን አለው በፊቱ።
«ምንድን ነው?» አልኩት በጣቴ።
«ዓይን» አለኝ።
«ዓይን?»
«ዓይን!»
ወደ ውሃው፦ «ባሐር» አለ። ወደ ምላሱ፦ «ልሲን»።
ራሱን ነካ፦ «ራስ» አለ። ደሜ ሞቀ፤ ሳቅኩኝ እኔ፤
ሰው ዘመዱን የሚያገኘው መች በቀጠሮ ነው ወገኔ!

«ወጥ ሠሪ ነኝ» አልኩት፣ «ባሕር ከሌለው አገር።»
«ባሐር የሌለው?» አለና ዝም አለ፣
ለቅሶ ቤት እንደደረሰ ሰው ከበር።

ገደል የከበበው ኩሬ ነው፤ «የውስጥ ባሕር» ይሉታል፤
በጠባብ ስንጥቅ በኩል ትልቁ ባሕር ይገባል።
ባሕርም ቀዳዳ ካገኘ ሰው ጓዳ ይዘልቃል ለካ!
ጎንበስ አልን። ጨለማ ሆነ። የሞተሩ ጩኸት ዓለቱን ነካ።
ከዚያ ብርሃን፤
ከሥራችን ውሃው እንደ ጠርሙስ ስባሪ ፈካ።

ሞተሩን አጠፋ። ጀልባው ቆመ። «እዚህ ነው» አለኝ።
ከገደሉ አፍ እስከ ማዶ ባዶውን በክንዱ ለካልኝ።
«እግሩ እዚያ፣ ጉልላቱ እዚህ፤ በመሐል ወፍ ታልፍ ነበር፤
ካርምኒን ለጋብቻ የጠየቅኳት ከላዩ ነው፣ ቀሚሷ በንፋስ ሲቸገር።
ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ አስር ደቂቃ ለፎቶ፣ ከዚያ ተመለስ።
እነሱ ፎቶ ሲያነሱ እኔ አቀርቅሬ መረብ ስጠግን፣
አንድ ቀን እንኳ በቅጡ ሳላየው — ፍርስ!
አሁን ነው የማየው» አለ።

አስሩን ደቂቃ ጠበቀ፣ እንደ ድሮው ሰዓት ይዞ።
ንፋስ መጣ፣ የሚያግደው የለም፣ ከሩቅ ባሕር ተጉዞ።
እኔ ምን አየሁ? ልዋሽ አልችልም፤ ምንም።
ሰማይ፣ ከሰማይ ሥር ውሃ፣
ከውሃው ሥር ትልቅ ጥላ፤ ተኝቷል እንጂ አልጠፋም።

ሂሳብ ስጠይቅ «ግማሽ» አለ፤ «ለዋሻው ነው፤ መስኮቱ ነጻ።»
ከሴትዮዋ ጨው ገዛሁ፣ እንደ በረዶ የነጻ።

ማታ ሽንኩርት ሳቁላላ፣ በወጥ ቤቱ ክብ መስኮት
ባሕሩን ቆሜ አየሁት፤
አስር ደቂቃ፤
ሽንኩርቱ አሮ እስኪሸት።